«እጢ ነው» ሲሉኝ እናቴ አለቀሰች

ሰላም ናችሁ? ለዚህ እትም ያሰብኩት ስለ ጨጓራ ልጽፍ ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ግን ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። አምስቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ የሚጠይቁት ግን ዞሮ ዞሮ ስለ እጢና ስለ ሆርሞን ነው። ጨጓራ ይቆየን። ለአዲስ አንባቢዎች፦ 31 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በተመላላሽ ክፍል። ጡረታ ብወጣም «ሲስተር» የሚለው ስም አልለቀቀኝም።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አሉ? የ24 ዓመት ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ድካም አለቀቀኝም። ሰው ሁሉ ሞቀኝ ሲል እኔ ጋቢ እደርባለሁ። ፀጉሬ ይረግፋል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ አንገቴ ላይም ትንሽ እብጠት አለ። ሐኪሙ ደም አስመረመረኝና «የታይሮይድ እጢሽ ነው» አለኝ። እናቴ «እጢ» የሚለውን ስትሰማ አለቀሰች። ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች 38 ይላል፤ ከፍተኛ ነው ተብሎ በቀይ ተሰምሮበታል። ሐኪሙ ግን «ሆርሞንሽ አንሷል» ነው ያለኝ። ከፍ ያለ ነገር እንዴት አነሰ ይባላል? ኪኒኑንም ዕድሜ ልክ ነው አሉኝ። ጎረቤት ደግሞ ጎመን አቁሚ ትላለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ይህችን መጀመሪያ ለእናትሽ አንብቢላቸው። እጢ የሚለው ቃል አማርኛ ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው «እጢ ወጣበት» ስንል የምናስበው ነው፤ መብቀል የሌለበት ቦታ የበቀለ ነገር። ሁለተኛው ግን ሁላችንም ስንወለድ ይዘነው የመጣነው የሰውነት ክፍል ነው። የታይሮይድ እጢ እናትሽም አላቸው፣ እኔም አለኝ፣ ሐኪምሽም አለው። ችግሩ የመኖሩ ሳይሆን የሥራው ነው።

እኔም በዚህ ቃል ሰው አስለቅሻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ገበሬ «ምንድነው ያመመኝ?» ሲሉኝ «እጢዎት ነው፣ አባቴ» ብዬ ወደ ሌላ በሽተኛ ዞርኩ። በማግስቱ ስገባ ከገጠር የመጡ ዘመዶች ግቢውን ሞልተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ሰውየው በሕይወት አሉ፣ መሀላቸው ቁጭ ብለው በሶ ይበጠብጣሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ «እጢ» ካልኩ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨምር ዞሬ አላውቅም።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ታውቂዋለሽ። የተረተው ሰው ሳያስበው ሁለት ዓይነት እጢዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦልናል። ጆሮ ደግፍ ሲይዝ የሚያብጠው የምራቅ እጢ ነው። እሱ ቱቦ አለው፤ የሠራውን በቱቦው ወደ አፍ ያፈሳል። ሎሚ ሲቆረጥ ስታዪ አፍሽ ውሃ የሚሞላው በዚያ ነው። እንቅርት የሚያብጠው ግን ታይሮይድ ነው፤ እሱ ቱቦ የለውም። የሠራውን በቀጥታ ደም ውስጥ ይለቀዋል፤ ደሙ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያዞረዋል። ሆርሞን ማለት እንዲህ በደም ተሳፍሮ የሚሄድ መልእክት ነው። ስሙን በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ኧርነስት ስታርሊንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ «ማነሣሣት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ወስዶ።

አሁን ወደ 38። ቲኤስኤችን የምትሠራው ታይሮይድ አይደለችም። አንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ አተር የምታክል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች፤ የምትልከው እሷ ናት። ትርጉሙም «ሥሪ!» ነው። ልጇን ለእራት የምትጠራ እናት አስቢ። መጀመሪያ በቀስታ ትጣራለች። ልጁ «አቤት» ካለ ዝም ትላለች። ካልመለሰ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ በሦስተኛው ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማታል። ጤነኛ አዋቂ ላይ ጥሪው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። ያንቺ ፒቱታሪ 38 ድረስ ጮኻለች፤ ምክንያቱም ከታይሮይድ «አቤት» የሚል አጥታለች። ስለዚህ ቀዩ መስመር ያረፈው በጥሪው ላይ ነው፤ ያነሰው ደግሞ መልሱ ነው። ወረቀትሽ ላይ ኤፍቲፎር የሚል መስመር ካለ እዪው፤ መልሱ ማለት እሱ ነው። አንገትሽ ላይ ያለው እብጠትም ከዚሁ ጩኸት ሊመጣ ይችላል፤ ቲኤስኤች እጢዋን ሥሪ ብቻ ሳይሆን እደጊም ይላታል።

የብርዱም ሚስጥር እዚሁ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን እያንዳንዱ የሰውነትሽ ሴል በምን ፍጥነት ነዳጁን እንደሚያቃጥል ይወስናል። ሲያንስ ሁሉም ነገር እንደ ክረምት ማለዳ ይንቀራፈፋል። ልብ በዝግታ ይመታል፣ አንጀት ይተኛል፣ ገላም አይሞቅም።

ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡር 250። የ70 ዓመት ድርሻ ቢደመር አንድ ሻይ ማንኪያ አይሞላም። ግን እሷኑም የእኛ ደጋ ይነፍገናል። ዝናቡ ስንት ዘመን አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ወርዷል። እናቴ የጎጃም ልጅ ናት። አንገቷ ላይ አራት ረድፍ ንቅሳት ነበራት፤ ለውበት ነው ትለን ነበር። አክስቴ ናት በኋላ የነገረችኝ። «ምን ውበት? እንቅርቱ ይክሰም ብላ ነው የተነቀሰችው» አለች። ንቅሳቱ አሮጊት እስክትሆን አማረባት፤ እንቅርቱም ንቅንቅ አላለም።

የጨዋችንም ታሪክ አለ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት የምንበላው ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ነበር የሚመጣው፣ አብዛኛውም አዮዲን ነበረበት። መንገዱ ሲዘጋ ገበያው ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ዞረ፤ አዮዲን የመጨመሩ ነገርም ለዓመታት ተረሳ። አዮዲን የግድ እንዲጨመር ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጨው ስትገዢ ማሸጊያውን አንብቢ፣ ቤት ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቂው፣ ወጡ ውስጥም ሊወርድ ሲል ጨምሪው። አደራ ደግሞ እንዳታጥቢው! እናቴ ጨው ታጥብ ነበር፤ ቆሻሻውንም አዮዲኑንም አብራ ትደፋው ነበር።

ጎመንሽን ብዪ። ጥሬ ጎመን በየቀኑ በጣም በብዛት የሚበላ ሰው አዮዲን ካጠረው እጢዋን ሊያስቸግር ይችላል። ተቀቅሎ በዘይት የተጠበሰ የቤታችን ጎመን ግን ምንም አይልሽም።

ጨው ማስተካከል ብቻውን ያንቺን አይፈታውም። በአንቺ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን እጢ ሲያጠቃ ነው፤ የተጠቃ እጢ ደግሞ ጨው ስላገኘ አይነሣም። ስለዚህ ኪኒኑ። «ዕድሜ ልክ» ሲሉሽ የከበደሽ ይገባኛል። ግን ኪኒኑ እጢሽ ትሠራው የነበረውን ያንኑ ሆርሞን ነው የያዘው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ዋጪው። ከቁርስና ከቡና በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቅደም። ቡናው እየተቆላ ከዋጥሽው ሰዓቱ አይከፋም። የደም ማነስ የብረት ኪኒን ወይም ካልሲየም የምትወስጂ ከሆነ 4 ሰዓት አራርቂ። አንድ ቀን ብትረሺ አትደንግጪ፤ ሆርሞኑ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል። በዚሁ ምክንያት ለውጡን በሦስት ቀን አትጠብቂ። ድጋሚ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። እርግዝና ካሰብሽ ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪ፣ ካረገዝሽም ወዲያው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የሚጠቀመው ያንቺን ሆርሞን ስለሆነ መጠኑ መጨመር ሊኖርበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አገር ቤት አረፈ። ለእኔ ቀድሞ ስለተደወለልኝ ጓደኞቹን ሰብስቤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መርዶውን አረዳነው። በጣም ደነገጠ፣ ወደቀብን። በስምንተኛው ቀን ውሃ ጥም ሲያቃጥለውና ሽንት ሲያመላልሰው ክሊኒክ ወሰድኩት። ስኳሩ 310፣ ኤዋንሲው 9.8 ሆነ። አማቴ ደውላ «ልጄን በመርዶ ስኳር ያስያዝሽው፣ ቆሽቱን ያሳረርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቀስ ብዬ ነግሬው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አይደለም፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ምስክርሽ ደግሞ ያው 9.8 የምትለዋ ቁጥር ናት።

ኤዋንሲ የሚለካው የዛሬን ስኳር አይደለም። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ቀይ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል፣ ከተለጠፈም አይለቅም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ምርመራው ያለፉትን 2 እና 3 ወራት ነው የሚያወራው። ከ6.5 ጀምሮ የስኳር በሽታ ነው ይባላል። በስምንት ቀን ውስጥ ከጤነኛ ተነሥቶ 9.8 የሚደርስ ሰው የለም። ባለቤትሽ የወንድሙን መርዶ ሲሰማ ስኳሩ ቤት ከገባ ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ሆኖት ነበር። ሳያውቀው አብሮት ሥራ ይውላል፣ አብሮት ይነዳል።

«ደንግጬ ስኳር ያዘኝ» የሚል ሰው በ31 ዓመት ስንቱን አየሁ መሰለሽ! አይዋሹም። ድንጋጤና ስኳር እውነተኛ ዝምድና አላቸው። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ቆብ መስለው የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ እጢዎች በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይለቃሉ። ጉበት ይህን ሲሰማ ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ለመሮጥም ለመደባደብም ጉልበት ያስፈልጋላ። ለቅሶ ቤት ማን ይሮጣል? ስኳሩ ግን ወጥቷል። ጠቅላላ ደማችን ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚኖረው ስኳር 5 ግራም ገደማ፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ነው። ትንሽ ሲጨመርበት ወዲያው ይታያል። ጤነኛ ሰው ላይ ኢንሱሊን ይነሣና ሴሎቹን «አስገቡት» ይላል፤ ደሙም ወደ ቦታው ይመለሳል። ኢንሱሊኑ ቀድሞ የደከመ ወይም ሴሎቹ ቃሉን መስማት የተዉት ሰው ላይ ግን ስኳሩ እዚያው ይንሳፈፋል። ገንቦ ሙሉ ውሃ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢገፉት ውሃው ይፈሳል። ገንቦውን የሞላው ግን የገፋው ሰው አይደለም።

አሁን ቆሽት። በአማርኛችን የንዴት ሁሉ መኖሪያ ቆሽት ነው። ይነደዳል፣ ይበግናል፣ ያራል። እውነተኛው ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ እየሠራ በቱቦ ወደ አንጀት ሲልክ ይውላል። ከላይ ለደብረ ማርቆሷ ልጅ ቱቦ ያለውና የሌለው እጢ ብዬ ለይቼ ነበር፤ ቆሽት ሁለቱንም ነው። መሐሉ ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተኑ ደቃቅ የሴል ክምችቶች አሉት። ከጠቅላላው ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። ኢንሱሊን የሚመጣው ከእነሱ ነው፣ ያለ ቱቦ፣ በቀጥታ ወደ ደም። በ1869 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው ፓውል ላንገርሃንስ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም። እነዚህ ሴሎች በንዴት አያርሩም።

ለአማትሽ ይህን ሁሉ ተንትኚ አልልሽም፤ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። ባለቤትሽ ራሱ ይደውልላቸውና «በሽታው ከበፊቱም ነበረብኝ፣ እሷ ስላስመረመረችኝ ተገኘ» ይበላቸው። ከእሱ አፍ ሲሰሙት ይለያል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በእነዚያ ስምንት ቀናት ስንት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣ? ለቅሶ ቤታችን በካርቶን ለስላሳ የሚመጣበት ቤት ሆኗል። ለቀስተኛው ሁሉ «ጉሮሮህን አርጥብ» ይላል። እሱን ዛሬውኑ በውሃ ቀይሩት። የታዘዘለትን መድኃኒት አይዝለል። ወንድምና እህት ካለውም ይመርመሩ፤ ይህ ስኳር በቤተሰብ ይመጣል።

ስለ ተስፋም አንድ ልጨምር። ከ1922 እ.ኤ.አ. በፊት አንድን ልጅ ስኳር ያዘው ማለት ራሱ መርዶ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ውስጥ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በክብደት 30 ኪሎ እንኳ ሳይሞላ አልጋ ላይ ነበር። ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳ ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው ስላልጠራ ብዙም አልረዳውም። ባልደረባቸው ጄምስ ኮሊፕ አጥርቶት ከ12 ቀን በኋላ ሲደገምለት ስኳሩ ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ባለቤትሽ ያለበት ዘመን ከዚያ በጣም የራቀ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እባክዎ ስሜን አይጥቀሱ። 21 ዓመቴ ነው። ሰርጌ ስለደረሰ ትንሽ ልሙላ ብዬ ጓደኛዬ የምትወስደውን የሚያወፍር ኪኒን ጀመርኩ። 7 ወሬ ነው። በፌስታል ስለሚሸጡልኝ ስሙን አላውቀውም። ፊቴ ሲሞላ ሁሉም «አማረብሽ» አለኝ። ግን እጅና እግሬ ቀጥኗል፣ ሆዴ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ወጥቷል፣ ፊቴ በብጉር ተሞላ። ባለፈው ሳምንት አልቆብኝ ሁለት ቀን ስቆይ አስመለሰኝ፣ ስቆም ዓይኔ ይጨልማል፣ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። መልሼ ስውጠው ተሻለኝ። ሱስ ሆኖብኝ ነው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ይህን ስታነቢ ሁለት ነገር አድርጊ። ኪኒኑን በራስሽ ጊዜ ድንገት አታቁሚ። ነገ ጠዋት ደግሞ ፌስታሉን እንዳለ ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የጻፍሽልኝን ሁሉ ሳታፍሪ ንገሪው። መሄጃ ሳታገኚ ማስመለሱና የዓይን መጨለሙ ከተመለሰ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ሱስ አይደለም። እጢሽ ተኝቶ ነው።

ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህት የነገርኳቸው ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት እጢዎች ከአድሬናሊን ሌላ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይሠራሉ። ኮርቲሶል ጎህ ሲቀድ ይበዛል፣ ማታ ይቀንሳል። የደም ግፊት እንዳይወድቅ፣ ስኳር እንዳያልቅ፣ ሰውነት ሲታመም እንዲቋቋም የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ እሱ ሰው አይኖርም። አሠሪያቸውም ያችው አተር የምታክል ፒቱታሪ ናት። ደም ውስጥ ኮርቲሶል ካነሰ ትጣራለች፣ ከበቃ ዝም ትላለች። አንቺ 7 ወር ሙሉ ከውጭ ስታስገቢ ፒቱታሪ ምን አየች? ደሙ ሞልቷል። ስለዚህ መጣራት ተወች። ጥሪ ያልሰሙት እጢዎች ደግሞ ሥራ ፈተው ሟሸሹ። ሁለት ቀን ኪኒኑ ሲቋረጥ ከውጭም የለም፣ ከውስጥም የለም። ያን ቀን ከአልጋ መነሣት ያቃተሽ ለዚህ ነው፤ ይህ ነገር ሰው ይገድላል።

ፌስታልሽን ስላላየሁት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አልነግርሽም። በእኔ ጊዜ እንዲህ በፌስታል ይዘውልን የመጡት ኪኒኖች አብዛኞቹ ኮርቲሶልን የሚመስሉ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነበሩ፤ አንዳንዴ ምግብ የሚያስበላ የአለርጂ ኪኒን ይጨመርባቸዋል። የጻፍሽው ምልክት ሁሉ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። የዴክሳሜታዞን ፍሬ በጣም ትንሽ ናት፣ ሰው ይንቃታል። 0.5 ሚሊግራሟ ብቻ ግን ሰውነትሽ በቀን ከሚሠራው ኮርቲሶል ሁሉ የማያንስ ጉልበት አላት። በቀን ሁለትና ሦስት ስትዋጥ አስቢው።

መድኃኒቱን ራሱን አልረግመውም። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ በመገጣጠሚያ ሕመም ከአልጋ መውረድ ያቃታት ሴት የዚህን ዘር መድኃኒት ተወግታ በቀናት ውስጥ ተራመደች፤ የደከሙበት ሰዎች በ1950 ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬም አስም ያፈነውን ሰው ያተርፋል። ግን ሐኪም በመጠንና በቀን ቆጥሮ የሚሰጠው ነገር ነው። ሻጩ ደግሞ ምን እንደሸጠልሽ ያውቃል። ይህን ሳስብ ንግግሬ ይበላሻል፤ ልተወው።

ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ያወርድልሻል፣ ምናልባት ሳምንታት፣ ምናልባት ወራት። ጠዋት ላይ ደም ወስዶ የራስሽ ኮርቲሶል መነሣቱን ያያል። ግፊትሽንና ስኳርሽንም ይለካል። እስከዚያ ድረስ ትኩሳት ወይም ቀዶ ጥገና ካጋጠመሽ «ይህን ኪኒን ስወስድ ነበር» ማለትን አትርሺ። ፊትሽ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሰንበሩ ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። ለእጮኛሽም ንገሪው፤ ያጨሽ ከመወፈርሽ በፊት አይደል? ለጓደኛሽ ደግሞ ይህን ገጽ ቀደሽ ስጫት። እሷም አሁን እየዋጠች ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። አንድ ልጅ አለኝ። የሦስት ወር መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ የወር አበባዬ ቀረ፣ ይኸው 8 ወር። ደሙ ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሆን? ሌላ ልጅስ ልከለከል ነው?

መልስ፦ አይጠራቀምም። በየወሩ የሚፈሰው ደም ማህፀን ለፅንስ ያነጠፈው ምንጣፍ ሲነሣ ነው። መርፌው ፕሮጄስትሮን የሚመስል ሆርሞን ስለሆነ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ ምንጣፉም ስስ ሆኖ ይቀራል። ያልተነጠፈ ነገር አይነሣም። መርፌውን በጊዜው ስትወስጂ ከቆየሽ የወር አበባ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው፤ አንድም ቀን ካሳለፍሽና ከተጠራጠርሽ ግን የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ስለ ልጅ፦ አይከለክልሽም፤ ያዘገይሻል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከሚፀነስ ብዙዎች ላይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። በቅርቡ ልጅ ካሰብሽ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም የሚዋጠው ይሻልሻል፤ እነሱ ሲተዉ ቶሎ ይለቃሉ።

ጥያቄ፦ እመቤቴ፣ እኔ በሽተኛ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን አካባቢ በግና ፍየል አደልባለሁ። ከአባቴ የተማርኩት ነው። ሙክት የሚሰባው ለምንድነው? ብልቱን አጥቶ ለምን ይወፍራል? ወጠጤው እኮ ከእሱ እኩል በልቶ አጥንቱ ይቆጠራል።

መልስ፦ ጋሼ፣ የዛሬውን ሁሉ ድካሜን ያስረሳ ጥያቄ ነው። ሙያዎ ሳይንሱን በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድመዋል።

የወጠጤው ብልት የዘር ማምረቻ ብቻ አይደለም፤ ቴስቶስትሮን የሚለቅ እጢ ነው። ያ ሆርሞን ጡንቻውን ይሠራል፣ ግን አያስቀምጠውም። ያዋጋዋል፣ ያሯሩጠዋል፣ ሴት ሲያሸት ሣሩን ያስረሳዋል። በዓል ማግስት ቤት የሚቀረው ያ የወጠጤ ጠረንም ከእሱ ነው። ሲኮላሽ መልእክቱ ይቆማል። ጠቡም፣ ሩጫውም፣ ጠረኑም ይቀራል፤ የበላውም ላቱና ጎድኑ ላይ ይጠራቀማል።

ሳይንሱ የደረሰበት በዶሮ ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ጎቲንገን ውስጥ አርኖልድ በርትሆልድ የሚባል ሰው 6 አውራ ጫጩቶችን ያዘ። ብልታቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ኩክኔያቸው ሳያድግ ቀረ፣ አልጮኹም፣ አልተዋጉም፤ የዶሮ ሙክት ሆኑ። ሌሎቹን ግን ብልታቸውን አውጥቶ ሆዳቸው ውስጥ፣ አንጀታቸው አጠገብ መልሶ አስቀመጠላቸው። እነዚያ ጮኹ፣ ተደባደቡ፣ ሴት አባረሩ። አርዶ ሲያያቸው ብልቱ በአዲሱ ቦታ የደም ሥር አብቅሏል፣ ነርቭ ግን የለውም። ስለዚህ መልእክቱ የሚሄደው በደም ነው ማለት ነው። ስታርሊንግ ሆርሞን የሚለውን ስም ከማውጣቱ 56 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ በጊዜው ልብ ያለው ግን አልነበረም።

እናቴ ወጠጤ ቤቷ አታስገባም ነበር፤ እኔም አላስገባም። ለፋሲካ ሙክቱ ስንት እንደሚገባ በደብዳቤ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። አምና በእግሬ ገበያ ወጥቼ ዋጋውን ሰምቼ ዶሮ ገዝቼ ነው የተመለስኩት።